ለልጄ የፊዚክስ አስጠኚ ምስጋና፣ አስጠኚ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሞመንተም ምንድን ነው ብትሏት «መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት» ብላ ሳትተነፍስ ትመልሳለች። ታዲያ የዚህ ብዜት ውጤት ምን ይነግረናል ስትባል ግን ዝም ነበር። ይህን ዝምታ ያስቀሩላትን ጡረተኛ መምህር በአደባባይ ማመስገን እወዳለሁ።

ቀመሩን ወደ ጎን አድርገው አንድ ጥያቄ ሰጧት። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ከነተሳፋሪው 500 ኪሎ የሚሆን ባጃጅ እኩል ሞመንተም እንዲኖረው በምን ፍጥነት ይሂድ? ሠርታ በሰዓት 720 ኪሎ ሜትር ስታገኝ ደንግጣ ልትሰርዘው ነበር። «ተይው፣ ልክ ነሽ» አሏት። «ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ኃይል ብታቆሚያቸው የሚፈጅብሽ ጊዜ እኩል ነው።»

የመኪናው ሞመንተም 100,000 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ነው። ፍሬን በ5 ሰከንድ ካቆመው በአማካይ 20,000 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ይበቃል። ግንብ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ካቆመው ግን አንድ ሚሊዮን ኒውተን ያርፍበታል። የጠፋው ሞመንተም ያው ነው፤ የሚጎዳው የጊዜው ማጠር ነው።

ከዚያ እንቁላል አስመጡ! እኔና ወንድሟ ጋቢ ላላ አድርገን ከፍ አድርገን ያዝን፤ የታችኛውን ጫፍ እንደ ኪስ አጠፍነው። ልጅቱ ባላት አቅም ወረወረችው። ጋቢው ወደ ኋላ እየሸሸ ተቀበለው፤ እንቁላሉም ደህና ሆኖ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። ግድግዳ ላይ ቢወረወር የሚሆነውን በቃል ብቻ ተስማማን፤ በዛሬው የእንቁላል ዋጋ አይቀለድም።

ሞመንተም አቅጣጫም አለው፤ ይህን ስትረሳ ግን አይቆጧትም። «ፈረንሳዊው ፈላስፋ ደካርትም የእንቅስቃሴን መጠን፣ ማለትም ሞመንተምን፣ ሲያሰላ አቅጣጫውን ትቶት ነበር፤ ያቃናው የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት ሃይገንስ ነው» ብለው አበረታቷት። አሁን ሁለት እኩል ኳሶች በእኩል ፍጥነት ፊት ለፊት ሲመጡ ድምራቸው ለምን ዜሮ እንደሆነ ለወንድሟ የምታስረዳው እርሷ ናት።

እውነቱን ለመናገር ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ለፈተና ሳምንት ሲቀር ጥያቄ በጥያቄ እንዲያስሸመድዱላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ከመሠረቱ መረዳት ለሚሻ ተማሪ ግን ከእርሳቸው የተሻለ አላየሁም። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። የሥራ ቀናቸው ስለሞላ የቀራቸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።