ጣርማበር፦ የሃምሳ አለቃ ቁርስ ቤት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ፣ ዋሻው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። ታፔላ የላትም። ሾፌሮች "ሃምሳ አለቃ ቤት" ይሏታል።

ገንፎዋ አንደኛ ነው። ገብሱ የመንዝ ነው፣ ቅቤው ለጋ፣ በርበሬው ደግሞ አናት ድረስ ይሰማል። በጾም ቀን በተልባ ይሠሩታል፤ እሱም ይጣፍጣል። የጣርማበር ጉም አጥንት ውስጥ ሲገባ ይህን የሚተካ ምግብ የለም። ጥብሱ ግን ይዘገያል። መኪና የሚጠብቃችሁ ከሆነ አትዘዙት።

እኔን ደጋግሞ የሚወስደኝ ባለቤቱ ናቸው። ጡረታ የወጡ የመሐንዲስ ክፍል ወታደር ናቸው፤ ፈንጂ አምካኝ ነበሩ። ግድግዳቸው ላይ በእንግሊዝ ጦር ሥር የተዋጋ የአንድ ህንዳዊ መኮንን ፎቶ አለ፤ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት። በ1933 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ መተማ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ፣ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በፈንጂ ታጥሮ ነበር። ይህ ወጣት ምክትል መቶ አለቃ ከፊት በሚሄደው ተሽከርካሪ ላይ ሆኖ ለአራት ቀናት 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጠረገ። 15 የፈንጂ ወረዳ አጸዳ። የተሳፈረበት ሁለት ጊዜ ፈንጂ ላይ ወጣ፤ አብረውት የነበሩት ተጎዱ። አንዴ ደግሞ ደፈጣ ገጠመው፤ በቅርብ እየተተኮሰበት ሥራውን ቀጠለ። የጆሮው ታምቡር ተበስቶ እንኳ "ሌላ ሰው ይተካህ" ሲሉት እንቢ አለ። የእንግሊዝን ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን አገኘ።

"ጋሼ፣ ፈንጂ እንዴት ነው የሚወጣው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰፌድ ላይ ቆሎ አፍስሰው ቆርኪ ቀበሩበት። ስንጥር ይዘው ጎንበስ አሉና አግድም፣ ቀስ አድርገው ሰደዱት። "ከላይ ቀጥ አድርገህ ከወጋኸው ማፈንጃውን ትጫነዋለህ። ጎኑን ነው የምትፈልገው።" ስንጥሩ ቆርኪውን ሲነካ እጃቸው ቀጥ አለ። ከዚያ ቆሎውን በጣታቸው ፍሬ በፍሬ ማንሳት ጀመሩ።

"ተኩስ ሲመጣ እግረኛው መልስ ይሰጣል" አሉኝ። "የኛ እጅ ግን ተይዟል። መቸኮልም አይቻልም።"

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ስለ ጀግና ሲወራ መጀመሪያ የሚታየኝ መሬት ላይ በሆዱ የተኛ መሐንዲስ ነው። ስለ እነሱ የሚባለው በጣም ያንሳል፤ ያናድደኛል።

ዋጋው ደህና ነው፣ ሻዩ ቅርንፉድ አለው። ጠዋት ሂዱ፤ ረፋድ ላይ ገንፎው ያልቃል፣ ሃምሳ አለቃም ለወሬ ጊዜ የሚያገኙት ጠዋት ነው።