ቮልስ ያላችሁ፣ «ለሁሉም ይሆናል» ከሚባል ኮይል ተጠንቀቁ

ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ቮልስ ወይም ሌላ ፑንቲና (ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ እየከፈተ የሚዘጋ ትንሽ መነካኪያ) ያላት የድሮ መኪና ይዛችሁ የምትመላለሱ፣ ይቺን አንብቡልኝ። 2,400 ብር ከፍዬ፣ ሦስት ሳምንት ተንገላትቼ ያወቅኳት ናት።

መኪናዋ የአባቴ ቮልስ ናት። ኮይሏ፣ ማለትም የባትሪውን ቮልት አብዝቶ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ዕቃ፣ ከዕድሜ ብዛት ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጭራሽ እሳት አልሰጥ አለ። ደሴ ውስጥ ሦስት መለዋወጫ ሱቅ ዞሬ «የለም» ተባልኩ። አራተኛው ጋ ልጁ ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ጥቁር ኮይል አወጣ። «አብሽር፣ ይሄ ለሁሉም ይሆናል። ለቮልስም፣ ለላዳም፣ ለዲኤክስም» አለኝ። ቅርጹ ያው ነው። ግራና ቀኝ የገመድ ማሰሪያ፣ መሃሉ ላይ የወፍራሙ ገመድ ቀዳዳ። 12 ቮልት ይላል። ሌላ ምን ልጠይቅ? «በደረሰኝ ከሆነ ይጨምራል» ሲለኝ ያለ ደረሰኝ ወሰድኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው፣ አልክድም።

የሰፈሬ መካኒክ በአሥር ደቂቃ ገጠመልኝ። መኪናዋ ገና ቁልፉን ከማዞሬ ተነሳች። እንዲያውም ከድሮው ጉልበት የጨመረች መሰለኝ። አሁን ሳስበው መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ አክስቴን ይዤ ባቲ ገበያ ወረድን። ስንመለስም እስከ ኮምቦልቻ ሰላም ነበር። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ሞተሩ ሁለቴ ተንተባተበና ጸጥ አለ። ያውም ጥምዝምዙ መሃል። ከኋላ የከባድ መኪና ጥሩምባ፣ ከውስጥ የአክስቴ ሁለት ዶሮዎች ጩኸት። የኋላውን ኮፈን ከፍቼ ኮይሉን በጣቴ ነካ አደረግኩት። እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን፣ ቀዝቀዝ ሲል ተነሳች። ትንሽ ወጣንና ደግሞ ቀጥ። አክስቴ «ይቺ መኪና በቅሎ ናት እንዴ፣ ታርፋለች?» አለችኝ። ኮይሉን በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለልኩ ደሴ የገባነው ከመግሪብ በኋላ ነው።

ከዚያ የመቀያየር ዘመን ሆነ። መካኒኩ ፑንቲናውን አውጥቶ አሳየኝ፤ የሚነካካበት ፊቱ ጠቁሮ ተበሳስቷል። ቀየረው። በሳምንቱ አዲሱም ጠቆረ። «ኮንደንሰሩ ነው» አለ፤ ተቀየረ። ሌላ ፑንቲና። ካንዴላ። ኮይሉን የጠረጠረው ግን የለም። አዲስ ነዋ!

ጉዱን ያወጡት ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። «አያ፣ እስቲ ይዩልኝ» አልኳቸው። ገመዶቹን ነቀሉና ቴስተራቸውን ሁለቱ ማሰሪያዎች ላይ አሳረፉ። 1.5 ኦም (ኦም ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ መለኪያ ነው)። ሳልጥለው የቀረውን የድሮውን ኮይል አምጣ አሉኝ። 3.2 ኦም። ከዚያ አዲሱ ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ወረቀት በጥፍራቸው ፋቁት። ከሥሩ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ መስመር ብቅ አለ። ከኮይሉ ውጭ ከሚታሰር ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት ከሚቀንስ ዕቃ) ጋር ብቻ ይሠራል ይላል። የዋጋው ወረቀት ልክ እሱ ላይ ነው የተለጠፈው። በአጋጣሚ ነው ብዬ ለማመን ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። 12 ቮልትን ለ3 ኦም ስታካፍሉት 4 አምፒር ይሆናል። ለ1.5 ስታካፍሉት 8። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ቮልቱ ወደ 14 ስለሚጠጋ ይብሳል። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚያች ሚጢጢ ፑንቲና በኩል ነው። መጀመሪያ ላይ እሳቱ ይበረታል፣ መኪናዋ ትፈነጥዛለች። ቀስ እያለ ፑንቲናው ይቃጠላል፣ ኮይሉ ይግላል፣ ዳገት ላይ ይጥላችኋል። እንዲህ ያለው ኮይል የተሠራው ጎድሎ የቀረውን 1.5 ኦም የሚሞላ ሬዚስተር ላላቸው መኪኖች ነው። የእኔ ቮልስ ያ ነገር የላትም።

አያ ኮይሉን ጣለው አላሉኝም። ነጭ የሸክላ ሬዚስተር፣ 1.5 ኦም፣ ከቁልፉ በሚመጣው ገመድና በኮይሉ መሃል አስገቡ። ከነዳጅ ቱቦና ከገመድ አርቀው ብረት ላይ አሰሩት፤ እሱም ይግላላ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። ቮልስ ላይ ከኮይሉ ማሰሪያ ተነስተው ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄዱ ገመዶች አሉ፤ የአውቶማቲክ ቾኩና የነዳጅ መዝጊያው። እነሱ ከሬዚስተሩ በፊት መታሰር አለባቸው። አለዚያ ሙሉ ቮልት አይደርሳቸውምና አንዱን አስተካክላችሁ ሌላውን ታበላሻላችሁ። አዲስ ፑንቲና አስገቡና ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አደረጉት። ይኸው ሁለት ወሯ፣ ሐረጎን ሳትቆም ትወጣለች።

እንግዲህ ተተኪ ዕቃ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ለድሮ መኪና ካለ ተተኪ ምን አማራጭ አለ? የድሮውን ኮይል ሳትይዙ፣ ቴስተር ያለው ሰው ሳይለካላችሁ ግን ብር አታውጡ። ሻጩ ኦሙን ካላወቀ ለማንኛውም መኪና «ይሆናል» ማለት አይችልም። የዋጋውን ወረቀት እዚያው ፊቱ ፋቁት። ከኮይሉ ጋር ሬዚስተሩንም ጠይቁት። ሞተሩ ጠፍቶ ደግሞ ቁልፉን አብርታችሁ አትተዉት፤ ፑንቲናው ተዘግቶ ከቆመ ደህናው ኮይልም ይበስላል።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ነበር። «ተጠቅመህበታል፣ ደረሰኝም የለህ» ብሎ ሸኘኝ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። እኔ ግን በምን አፌ ልሟገት? ለጥቂት ብር ብዬ ማስረጃዬን የተውኩት ራሴ ነኝ።

አክስቴ እስካሁን ባቲ የምትሄደው በሚኒባስ ነው።