ኤክሴል ሲዝል፦ ፋይል ከጥቁሩ መስኮት ለመጠየቅ የቱን ልጫን?

ባለፈው ጥር ቡሬ አጎቴ ቤት ነበርኩ። አጎቴ በቆሎ ይነግዳል። ከአምስት መጋዘን የተሰበሰበ መዝገብ በፍላሽ ይዞ መጣና «አንተ ልጅ፣ ከየቀበሌው ስንት ኩንታል እንደገባ ብቻ አውጣልኝ» አለኝ። በኤክሴል ልከፍተው ሞከርኩ። የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካው ላይ ኤክሴል ራሱ ተዘጋ።

አንድ የኤክሴል ሉህ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ነው። ባለ 4 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ይዝላል። አጎቴ ግን መዝገቡን ማየት አልፈለገም፤ አንድ ጥያቄ ነው ያለው። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ተርሚናሉን፣ ያንን ጥቁር መስኮት፣ ከፍቶ ፋይሉን መጠየቅ ይበቃል። መሣሪያው ብዙ ነው። እዚህ የማወዳድራቸው እኔ ራሴ የተጠቀምኩባቸውን ነው፦ ኦክ (awk)፣ ኤስኪውላይት (SQLite)፣ ዳክዲቢ (DuckDB)፣ ሲኤስቪኪት (csvkit) እና ሚለር (Miller)።

ሁሉም ነፃ ናቸው። የሚከፈለው በዳታ ጥቅልና በጊዜ ነው። ስለዚህ ዋጋ አያለያያቸውም። ፍጥነትም ቢሆን በእኛ አገር ፋይል ልክ ያን ያህል አያለያይም፤ አራት ሰከንድና አንድ ሰከንድ ለአጎቴ ያው ነው። የሚያለያያቸው ግምታቸው ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ፋይላችሁን አይቶ «ይኼ ቁጥር ነው፣ ይኼ ቀን ነው» ብሎ በራሱ ይወስናል። አንዳንዱ ያገኘውን እንዳለ ይተወዋል። እኛ ጋ ጉድ የሚፈላው በዚህ ነው።

ዳክዲቢን እንመልከት። አምስተርዳም ካለ የምርምር ተቋም የወጣ ነው፤ መጀመሪያ በ2019፣ ቁጥር 1.0 ደግሞ በ2024 (ሁለቱም እንደ ፈረንጆቹ) ወጣ። በእውነት ድንቅ ነው። ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ሳታስገቡ የፋይሉን ስም ብቻ ጠቅሳችሁ ኤስኪውኤል (SQL) በሚባለው የመረጃ መጠየቂያ ቋንቋ ትጠይቁታላችሁ። አምስቱን የመጋዘን ፋይል በአንድ ኮከብ ምልክት አንድ ላይ ያነባል፤ የትኛው ረድፍ ከየትኛው ፋይል እንደመጣም በዓምድ ያሳያል። ራም ሲያንሰው ሥራውን ወደ ዲስክ ያራግፋል። የአጎቴን ፋይል ስሰጠው ዓይኔን ሳልጨፍን መለሰልኝ።

ግን ይገምታል። «02» ተብሎ የተጻፈው ቀበሌ «2» ሆነ። በ09 የሚጀምረው ስልክ ዜሮውን ጣለ። ይኼስ ይታያል፤ የማይታየው የቀኑ ነው። መጋዘኖቹ የሚጽፉት በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ጥቅምት 30 ቀን 2016 በፋይሉ 2016-02-30 ተብሎ ይገባል። ዳክዲቢ ዓይነቱን ለመወሰን በነባሪ (ሌላ ካላዘዛችሁት) የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 20,480 ረድፎች ነው። እነሱ ውስጥ ከጥቅምት 29 ያለፈ ቀን ከሌለ «ይኼ የፈረንጅ ቀን ነው» ብሎ ይወስንና ጥቅምት 30 ላይ ሲደርስ ይቆማል። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ነገር የለማ። ጳጉሜን ላይም ያው ነው፤ 13ኛ ወር አያውቅም።

ሲቆም እንኳ ደግ ነው። መዝገባችሁ ከኅዳር እስከ ነሐሴ ብቻ ከሆነ ምንም ሳይል ያልፋል፤ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ያሉት የፈረንጅ ወራት ሁሉ ቢያንስ 30 ቀን አላቸውና። ከዚያ «በቆሎው መጋዘን ስንት ቀን ቆየ?» ብላችሁ ስትጠይቁት፣ ከኅዳር 30 እስከ ታኅሣሥ 1 ሁለት ቀን ነው ይላችኋል። ማርች 31 ቀን አለው ብሎ ነው የቆጠረው። እኔ ይኼን ያወቅሁት የመጋዘን ኪራይ አስልቼ ለአንድ ነጋዴ ከሰጠሁ በኋላ ነው። ሰውየው በጣቱ ቆጥሮ አሳፈረኝ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፋይሉን ስታነቡ ሁሉንም ዓምድ እንደ ጽሑፍ ውሰድ የሚል ምርጫ አለው። እሱን አብሩና ኩንታሉን ብቻ በእጃችሁ ወደ ቁጥር ቀይሩ። ቀኑ ዓመት፣ ወር፣ ዕለት ተብሎ፣ ወሩና ዕለቱም በሁለት በሁለት አሃዝ ከተጻፈ እንደ ጽሑፍም በትክክል ይደረደራል።

ኤስኪውላይት አሮጌው ነው፤ ከ2000 ጀምሮ አለ። ኪሳችሁ ያለው ስልክ ውስጥም አለ። ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ በስልክ ዳታም ይወርዳል። የቀን ዓይነት የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለውም፤ ጥቅምት 30ንም ጳጉሜን 5ንም እንደተጻፉ ይቀበላል። ለእኛ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ፋይሉን ግን መጀመሪያ ማስገባት አለባችሁ፤ አምስት ፋይል ከሆነ አምስቴ። ሠንጠረዡን አስቀድማችሁ ራሳችሁ ሥሩት፦ ቀበሌና ስልክ ጽሑፍ፣ ኩንታል ቁጥር። ኩንታሉንም ጽሑፍ ካደረጋችሁት ሲደረድር 9 ከ100 በኋላ ይመጣል። አንዴ ካስገባችሁት በኋላ ሁሉም በአንድ ፋይል ይቀመጣል፣ መብራት ሄዶ ቢመጣም የተቀመጠው እዚያው ነው።

ሲኤስቪኪት በፓይተን የተሠራ ነው። ፓይተን ለሌለው ሰው ጭነቱ ራሱ አንድ ከሰዓት ይፈጃል፤ ፋይሉ ሲተልቅም ይንቀራፈፋል። ዜሮ መጣሉንም ከዳክዲቢ ጋር ይጋራል፤ እሱም ግምቱን የሚያጠፋ ምርጫ አለው። እኔ ሲኤስቪኪትን ከላፕቶፔ ያላጠፋሁት ለአንድ ሥራ ብዬ ነው፦ የኤክሴልን ፋይል፣ የድሮውንም ጭምር፣ ወደ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ ወደሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ይቀይራል።

ሚለር ኤስኪውኤል ለማያውቅ ሰው ነው። «ደርድር»፣ «ቁረጥ»፣ «በዚህ ከፋፍለህ ደምር» የሚሉ የራሱ ትዕዛዞች አሉት። ያልነካችሁትን ቁጥር እንደነበረ ስለሚመልሰው «02» «02» ሆኖ ይወጣል። ወድጄው ነበር፤ ግን ኤስኪውኤል ለለመደ ሌላ ቋንቋ መማር ይሰለቻል።

ኦክን ባወድሰው ደስ ይለኝ ነበር። በ1977 ተወለደ፤ ሊኑክስና ማክ ላይ ምንም ሳታወርዱ ታገኙታላችሁ። ለፈጣን ድምር ይበቃል። ግን «ቡሬ, ቀበሌ 02» ተብሎ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የገባ የፈረንጅ ኮማ ካጋጠመው ዓምዱ ይዛነፋል (የኛው ነጠላ ሰረዝ ቢሆን ምንም አይለውም ነበር)። ከ2023 ወዲህ የወጡት አንዳንድ ቅጂዎች ይኼን አስተካክለዋል፤ ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ በነባሪ የሚመጣው የኦክ ቅጂ፣ ማውክ፣ ደግሞ «ጎጃም» ስንት ፊደል ነው ብትሉት 9 ይላችኋል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ባይቱን ነው የሚቆጥረው።

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ። ውጤቱን አትሜ ስሰጠው መነጽሩን አድርጎ ትንሽ አየውና ሳቀ። «ይኼ ዓለሙና ያ አለሙ አንድ ሰው ነው እኮ!» አንዱ መጋዘን በዐይኑ ዐ፣ ሌላው በአልፋው አ ነው የጻፈው። ማንኛውም መሣሪያ ይኼን በራሱ አያውቅም። ሠ፣ ሐ፣ ኀ፣ ዐ እና ፀ ከነሰባት ሰባት ቤታቸው 35 ፊደል ናቸው። ዳክዲቢ 35ቱን በአንድ ትዕዛዝ ወደ አቻቸው ይለውጣል፤ የሚለወጡትን በአንድ በኩል፣ የሚተኩትን በሌላ በኩል ደርድሮ መስጠት ብቻ ነው። ኤስኪውላይት ይኼ ስለሌለው አንዱን መተኪያ በሌላው ውስጥ እያስገባችሁ 35 ጊዜ ትጽፋላችሁ። ይሠራል፤ ግን ቅንፉን መቁጠር ያሳብዳል።

እኔ ለአጎቴ ላፕቶፕ ዳክዲቢን ጫንኩ፣ ግምቱን አጥፍቼ። ስማቸው ወጥ ሆኖ የተጻፈ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚጨመርበት መዝገብ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ደጀን ወይም ቢቸና ያለ ጤፍ ነጋዴ፣ ኤስኪውላይትን ቢይዝ ይሻለዋል። መዝገቡ ሁልጊዜ በኤክሴል ፋይል የሚመጣላችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ዳክዲቢ (የድሮው ዓይነት ካልሆነ) በቀጥታ ያነበዋል፤ ሆኖም ለዚህ የሚያስፈልገውን ማራዘሚያ (ተጨማሪ ክፍል) መጀመሪያ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ደህና ኔትወርክ ያለበት ቦታ፣ ባሕር ዳር ወይ ማርቆስ፣ ሳላችሁ አንዴ ጭናችሁት ውጡ። እኔ ይኼን ሳላደርግ ሄጄ ቡሬ ላይ በስልኬ ዳታ ስጎትተው አመሸሁ።