ሴሊካዬ ከስምንት ወር በኋላ፦ ፍሬኑ፣ ሞላውና የሐረጎ ቁልቁለት

በፈረንጆቹ 1994 የተሠራችውን ቶዮታ ሴሊካዬን በዝግ ሜዳ ላይ በፍጥነት ለመንዳት እንድትበቃ ብዬ የፍሬን፣ የአሞርዛተርና የሞላ ዕቃዎቿን ካስቀየርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሜዳ ልምምድ የወጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የቀረውን ከደሴ ወደ ሥራ ቦታዬ ወደ ኮምቦልቻ ስትመላለስ ስለቆየች፣ ዕቃዎቹን ይበልጥ የፈተናቸው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ነው።

ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህንን ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 7 ሚሊዮን ጁል ገደማ ሲሆን፣ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ማርሽ ቀንሶ በሞተር የማይዝ ሹፌር አብዛኛውን ሙቀት ለፍሬን ዲስኮቹ ያሸክማል። በሜዳ ላይ ሙቀቱ የሚመጣው ከፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ያረካኝ ርካሹ ዕቃ፣ የፍሬን ዘይቱ ነው። አሮጌው በቀጭን ቱቦ ከካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ ከሚጫነው ክፍል) ሲወርድ ቡና መስሎ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲሱ ዘይት ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይደርስ እንዳይፈላ ሲያስገድድ፣ እርጥበት ለገባበት የሚጠይቀው ግን 155 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት በእግር ግፊት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ይሰምጣል። ቀድሞ በሐረጎ የታችኞቹ ኩርባዎች ላይ የሚላላው ፔዳል ከዚያ ቀን ወዲህ አልላላም። በዚያው ሥራ የኋላ ግራ ካሊፐር ተንሸራታች ፒን ዝጎ ተገኘ፤ ካሊፐሩ እንደልብ ስለማይንሸራተት የውስጡ ሸራ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው የውጪው 8 ነበር። ይህ ሳይታረም ምንም ዓይነት ውድ ሸራ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ለሜዳ የተሠራው ሸራ ሲሞቅ እጅግ አስተማማኝ ነው። ይሁን እንጂ በደሴ ብርዳም ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ጊዜያት ፍሬን ስይዝ ደካማ ነው፤ ይጮኻል፣ ቸርኬውንም በጥቁር አቧራ ይሸፍነዋል። መኪናውን በየቀኑ ለሚነዳ ሰው አልመክረውም።

የእገዳውን ጎሚኒዎች (በመጋጠሚያዎቹ ላይ ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች) በሙሉ ማስቀየሬ መሪውን ከአዲሱ አሞርዛተር ባልተናነሰ አጥርቶልኛል። ብሎኖቹን መኪናዋ በክሪክ ላይ እንዳለች ላጠብቅ ስል መካኒኩ እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ጎማው መሬት ረግጦ ክብደቱን ሳይሸከም ካጠበቅኸው ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ወዲያው ይቀደዳል» አሉኝ። እንዳሉት አደረግን፤ እስካሁን አንዱም አልተሰነጠቀም።

ቅሬታዬ በሞላው ላይ ነው። ሻጩ ለማንኛውም መንገድ ይሆናል ብሎ የሸጠልኝ ሞላ መኪናዋን በ3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያደረገ፣ በጣምም ጠንካራ ነው። በለስላሳው ሜዳ ኩርባ ላይ ማዘንበሏን ቀነሰ፤ በተጣጣፈ አስፋልት ላይ ግን ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘል ነበር፣ አሞርዛተሩም ጉዞው አጥሮ ከታች ይመታ ነበር። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬኑ የቱንም ያህል ቢጠነክር መኪናዋን ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ በሰኔ መጀመሪያ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አሮጌውን የፋብሪካ ሞላ ከአዲሱ አሞርዛተር ጋር መልሼ አስገጠምኩ። አሁን በሐረጎ ኩርባዎች ላይ ትንሽ ታዘነብላለች፤ አራቱም ጎማዎች ግን መሬቱን ይዘው ይወርዳሉ።