መሰንቆን እዚያው መንዝ መቅዳት ወይስ ስቱዲዮ ማምጣት?

ስቱዲዮ ጸጥታው አያስጨንቅም። ድምፁን በአንድ ማይክ፣ መሰንቆውን በሌላ፣ ከበሮውን በሦስተኛ ለይቶ መያዝ ይቻላል፤ የተበላሸው ብቻ ይደገማል። ግን አዝማሪን ማዳመጫ ደፍተው፣ ግጥም የሚሰጠው ሰው በሌለበት ክፍል ሲያስዘፍኑት ግጥሙ ይደርቃል። መሰንቆውን ዛሬ፣ ድምፁን ነገ ማስቀዳትማ ጭራሽ አይሞከር፤ የመሰንቆው ደጋን የሚሄደው በዘፋኙ ትንፋሽ ነው።

እዚያው መቅዳት ከባድ ነው፤ ለባህል ዘፈን የሚያዋጣውም እሱ ነው። ቆርቆሮ ቤት ድምፁን ያንጫርረዋል። ሣር ክዳን ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ካልተገኘ የመንዝ ባና ሁለት ሦስቱን ከአዝማሪው ጀርባና ፊት ለፊት መስቀል ነው፤ ወፍራሙ የበግ ፀጉር ቀጭኑን ማስተጋባት ይውጠዋል። ማይኩ ከመሰንቆው ቆዳ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ትንሽም ወደ ጎን ይዙር። ከተጠጋ የጭራው ፍትጊያ ዜማውን ይሸፍነዋል። ቀረጻው በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ ጥራት ይሁን፤ በሙከራው ጊዜ ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከ-12 ዴሲቤል አይለፍ፤ አዝማሪ ሞቅ ሲለው መጮኹ አይቀርም።

ብርዱ ሁለት ነገር ያበላሻል። ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፤ መለዋወጫውን ኪስ ውስጥ ያሙቁት። ጠዋት በጉም ደግሞ የመሰንቆው ቆዳ ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ከእሳት ራቅ አድርጎ ማሞቅ፣ 10 ደቂቃ ማስጫወት፣ እንደገና መቃኘት፣ ከዚያ መጀመር።

ለማስታወቂያ የሚሆን አጭር ዜማ ከሆነ ግን መንገዱ አያስፈልግም፤ ስቱዲዮው ይበቃል።