ወገቤን ይዛ ላነጋችው አዋላጅ ነርስ

ሴት ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና በተነሣች ማግሥት ይህን የምጽፈው፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ከተማችን ጤና ጣቢያ የምታገለግለውን አዋላጅ ነርስ በአደባባይ ለማመስገንና ወራቸው የተቃረበ እኅቶቼም ወደ እርሷ እንዲሄዱ ለመጠቆም ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለ ለመነችኝ ልመናዋን አክብሬያለሁ።

የመጀመሪያ ልጄን ከ6 ዓመት በፊት የወለድሁት በሌላ ከተማ ነበር። እናቴ በር ላይ ቀርታ፣ እኔም በጀርባዬ ተንጋልዬ እንዳልነሣ ተነግሮኝ፣ ሰዓቱን ብቻዬን ስቆጥር አደርሁ። ከሕመሙ ይልቅ ሲያባንነኝ የኖረው ያ ብቸኝነት ስለሆነ፣ ሁለተኛዋን ሳረግዝ ፍርሃቱ ከደስታው ቀድሞ መጣ።

ይህች አዋላጅ በእርግዝና ክትትል ወቅት ፍርሃቴን ከሰማች በኋላ፣ ያለ መድኃኒት ምጥን የሚያቀሉ መንገዶች እንዳሉ ነግራኝ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤቴን ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። ሲመጣም የመዳፉን ሥር ከወገቤ ዝቅ ብሎ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ አስቀምጣ፣ ምጡ ሲጀምር ጠበቅ አድርጎ እንዲጫን፣ ሲያልፍ እንዲለቅ ደጋግማ አለማመደችው። እግራችን ሲጋጭ ሳናስበው እንደምናሸው ሁሉ፣ ግፊትና ሙቀትም ወደ አእምሮ የሚሄደውን የሕመም መልእክት እንደሚያደበዝዙት ያስረዳችን በዚያ ቀን ነው።

ምጥ ይዞኝ በመሸ ጊዜ ጤና ጣቢያ ስደርስ የማህፀኔ በር የተከፈተው 4 ሴንቲ ሜትር ነበር። ገና መሆኑን ነግራኝ፣ አልጋ ላይ ከማስተኛት ይልቅ አጥሚት እንድጠጣና በኮሪደሩ እንድመላለስ አደረገች። ሌሊቱ እየገፋ ምጡ ሲፋፋም በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልታ፣ በነጠላዬ ጠቅልላ፣ እንዳያቃጥለኝ አስቀድማ በራሷ ክንድ ላይ ከሞከረችው በኋላ ወገቤ ላይ አሳረፈችልኝ። ትንፋሼን ስይዝ «እኅቴ፣ ከሰል እንደምታቀጣጥዪ ቀስ አድርገሽ እፍ በዪ፤ ትከሻሽንም ልቀቂው» ትለኝ ነበር። ባለቤቴ ክንዱ ሲዝል እርሷ ትተካዋለች፤ እርሷ ሌላ ወላድ ለማየት ስትወጣ ደግሞ እርሱ ይቀበላታል። ወገቤ ያለ እጅ የቀረበትን ጊዜ አላስታውስም።

እናቴንም አስገባቻት። በምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ፣ ራሴን በእናቴ ጭን ላይ ጥዬ፣ «ማርያም፣ ማርያም» ስትል መስማት ምን ማለት እንደሆነ ያየች ታውቀዋለች። እናቴ «እኛም በቤታችን ተንበርክከን ነበር የምንወልድ» ስትላት፣ አዋላጇ «ልክ ነዎት እናቴ፤ ሳይንሱም ወደዚያው ተመልሷል» ብላ መለሰችላት። በእርግጥም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ማሸትን፣ ሙቅ ነገር ማሳረፍን፣ የአተነፋፈስ ዘዴን፣ እንዲሁም ወላዷ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት መሆኑን ይመክራል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የታተመና ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች የመረመረ ሥራም፣ ሳይቋረጥ ሰው ያልተለያቸው ወላዶች ያለ ቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል፣ የሕመም ማስታገሻ የመፈለጋቸው ነገርም እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ሕመሙ ጠፋ ብዬ አልዋሽም፤ ጨርሶ አልጠፋም። ነገር ግን የምችለው ሕመም ሆነ፤ በመካከሉም ሳቅሁ፣ አንድ ጊዜማ በእናቴ ጭን ላይ ሸለብ አደረገኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ክትትሉን አላላላችም፤ በየግማሽ ሰዓቱ የፅንሱን የልብ ምት ታዳምጥ ነበር፤ ልጄን ለማውጣት መግፋት ስጀምር ደግሞ በየ5 ደቂቃው። ጎሕ ሲቀድ ልጄን ተገላገልሁ።

ስለዚህ 7ኛ ወራችሁ የገባ እኅቶቼ፣ ለክትትል ስትሄዱ በምጥ ጊዜ አብሯችሁ የሚሆነውን ሰው ይዛችሁ ሂዱና እንድታሠለጥንላችሁ ጠይቋት፤ ምጡ ከመጣ በኋላ ለመማር ጊዜ የለም። ፔርሙስ፣ ጠርሙስና ነጠላ ከአራስ ልብሱ ጋር አብራችሁ አዘጋጁ። ደም ከፈሰሳችሁ፣ ራሳችሁን አጥብቆ ከታመማችሁና ዓይናችሁ ከደበዘዘ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ወገብ በማሸት የሚጠበቅ ነገር የለምና በዚያው ቅጽበት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ተረኛ ስለ ነበርሽ ክርስትናው ላይ ሳትገኚ ቀረሽ። ከድፎ ዳቦው ድርሻሽን እናቴ አስቀምጣልሻለች፤ ነገ ጠዋት ልጅቱን አዝዬ ይዤልሽ እመጣለሁ።