እናቴን ከሪሞት ክምር ያሳረፋትን ልጅ ላመስግን

የቲቪና የዲሽ ባለሙያ ፈልጉ ሲባል የሚጨንቀው ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ጎበዝ ሰው ሲገኝ ለራስ ብቻ ይዞ ዝም ማለት ደግ አይመስለኝም። ሰሚት፣ ጎሮ፣ አያት፣ ሲኤምሲ አካባቢ ያላችሁ፣ ይሄን ልጅ ያዙት። ስሙንና ቁጥሩን እዚህ አላወጣም። «ስልኬ በየቦታው ከዞረ ሥራዬን ትቼ ስልክ ሳነሳ ነው የምውለው» ብሎ ለምኖኛል። ለሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፤ ፈቅዶልኛል።

ቤታችን ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ፣ የብዙዎቻችሁም ቤት ያው ነውና። ኮንዶሚኒየም ነው። ጣሪያ ላይ ሁለት ዲሽ አለን። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ኢትዮሳት የዞረ ነው። ሌላው ወደ ምዕራብ፣ 7 ዲግሪ ላይ ወዳለው ናይልሳት። አብዛኞቹ የሀገር ውስጥ ቻናሎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ከዞሩ ወዲህ እኛም እንደ ሰዉ ሁለት ዲሽ ተክለን ቀረን። ሪሲቨሩ የራሱ ሪሞት አለው። ቲቪውም የራሱ አለው። ፊልም የምናስጭንበት ፍላሽ አለ። ሰርጉም ልደቱም የታጨቀበት ሃርድ ዲስክ አለ። በዚህ ሁሉ ላይ ወንድሜ ከአሜሪካ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የምትባል ከመዳፍ የማትበልጥ ኮምፒውተር ላከልን። ቲቪ ላይ ተሰክታ ቤት ያለውን ፊልም ሁሉ በአንድ ቦታ ታሳያለች ተባለ። እሷም የራሷን ሪሞት ይዛ መጣች፣ ምን ዋጋ አለው።

እማዬ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ዜና ትወዳለች። ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች ትወዳለች፣ የገጸ ባህሪዎቹን ዘመድ አዝማድ ከኛ ቤተሰብ በላይ ታውቃለች። መዝሙርም አለ። ግን ይሄን ለማየት የልጅ ልጆቿን መለመን ነበረባት፤ እነሱ ትምህርት ቤት ከሆኑ የትኛው ሪሞት የትኛውን እንደሚከፍት ሳታውቅ «ምልክት የለም» የሚል ስክሪን ፊት ለፊት ትቀመጣለች።

ከዚህ ልጅ በፊት ሌላ ባለሙያ አስመጥተን ነበር። ፓይዋን አገላብጦ አየና «ይቺ ተበላሽታለች» አለ። በምትኩ «ሁሉም ያለበት» የሚለውን ሳጥን ሊሸጥልን ፈለገ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያም አለው። ባለቤቴ ልቡ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ኳስ ሁሉ ይገባል ሲባል። እኔ ነኝ ቆይ ሌላ ሰው ይያት ያልኩት።

እና ይሄ ልጅ መጣ። ገና ቦርሳውን ሳያወርድ የጠየቀው ጥያቄ «እህቴ፣ ሪሞቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ማን ነው?» የሚል ነበር። እማዬ ናት አልኩት። ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። «እማማ፣ ቲቪ ሲከፍቱ መጀመሪያ ማየት የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

«ዜና ነዋ ልጄ። ከዛ ድራማዬን። ሌላውን ልጆቹ ይዩት።»

ይቺን ጻፋት። ከዛ በኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ ከዚች መልስ የተነሳ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ተበላሽታለች የተባለችው ፓይ ምንም አልነበረባትም። ስትሠራ ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ይል ነበር፣ ከዛ ፊልም መሃል ላይ ትጠፋለች። ምልክቱ ኃይል አነሰኝ ማለቷ ነው። ቤት የነበረ የስልክ ቻርጀር ላይ ነበር የተሰካችው፤ ፓይ 4 ግን 5 ቮልት በ3 አምፒር ትፈልጋለች። ተስማሚውን አዳፕተር ከነገመዱ ሰካላት፣ አለቀ። ለዚች ነው አዲስ ዕቃ ልንገዛ የነበረው!

ውስጧ የጫነልን ኮዲ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ነው። ድሮ ኤክስቢኤምሲ እያላችሁ የምታውቁት ካላችሁ ያው እሱ ነው፣ በፈረንጆቹ 2014 ነው ስሙን የቀየረው። ነጻ ነው፣ ማንም ሊያስከፍላችሁ አይገባም። በራሱ ፊልም የለውም፤ እናንተ ያላችሁን ነው አሰናድቶ የሚያሳየው። ባለቤቴ የኳሱን ነገር ሲያነሳበት ልጁ ፊት ለፊት ነገረው። የተሰረቀ ስርጭት የሚያመጡትን ተጨማሪ ፕሮግራሞች አልጭንም፣ የኮዲ ሠሪዎች ራሳቸው እንዲህ ተሞልተው የሚሸጡትን ሳጥኖች ይቃወማሉ፣ ደግሞም ዛሬ ይሠሩና ነገ ይጠፋሉ፣ ያኔ የምትደውሉት ለኔ ነው አለው። ባለቤቴ ትንሽ አኮረፈ። እኔ ግን በዚህ ይበልጥ አመንኩት።

ወደ ሪሞቱ ልምጣ። ዛሬ እማዬ እጅ ላይ ያለው የቲቪው ሪሞት ብቻ ነው። ይሄ ለካ ብዙ ቲቪዎች ውስጥ ተኝቶ ያለ ነገር ነው፤ በኤችዲኤምአይ ገመዱ በኩል የቲቪው ሪሞት የተሰካውን ዕቃ እንዲያዝ የሚያደርግ። ሳምሰንግ ኤኒኔት ፕላስ ይለዋል፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ። የኛ ጠፍቶ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አበራው፣ የቀሩትን ሪሞቶች መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። እናንተም ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ይሄን ቲቪያችሁ ላይ ፈልጉ፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

የመጀመሪያውን ገጽ ደግሞ አራቆተው። ኮዲ ሲከፈት ሙዚቃ፣ ፎቶ፣ አየር ሁኔታ፣ ጨዋታ ምናምን ይደረድራል። ሁሉንም ከፊት አነሳቸውና ዜና፣ ድራማ፣ መዝሙር፣ ሰርግ ብቻ ተዋቸው። ግዕዝ ፊደል ያለው ፎንትም ጨመረ፣ ምክንያቱም የአማርኛ ስም ያላቸው ፋይሎች አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆነው ነበር የሚታዩት። ኮዲ የአማርኛ ቋንቋ ምርጫ አለው፣ ግን ትርጉሙ ሙሉ ስላልሆነ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ይቀራል። እማዬ በሥዕል ነው የምትመርጠው፤ መዝሙሩ ላይ መስቀል፣ ሰርጉ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ አለ።

አሁን በጣም ወደወደድኩት ሥራው ልግባ። እማዬ የምሽቱን 2 ሰዓት ዜና አታሳልፍም። ድራማዋ ግን ከጸሎቷ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ መቅዳት ያስፈልጋል። ልጁ ዲሾቹን ከሪሲቨሩ ነቀለና ፓይዋ ላይ በዩኤስቢ በምትሰካ መቀበያ አስገባቸው። ቱነር ነው የሚላት፤ ሁለቱን ዲሾች በአንድ ገመድ የምታስገባ ማቀያየሪያ መሃል ላይ አለች። ቻናሎቹን የሚያስተዳድረው ቲቪሄድኤንድ የሚባል ፕሮግራም ነው፣ የምናያቸው ግን እዛው ኮዲ ውስጥ ነው። በዲሽና በዲስክ ስለሆነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፣ ፓኬጅ አይበላም።

ቅጂው በሰዓት ነው የሚታዘዘው፣ እኛ ጋ የፕሮግራም ዝርዝሩ ስላልመጣ። ማሽኗ 20:00 የምትለው የኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ ለዚህ በትልልቅ ፊደል የሰዓት ሰንጠረዥ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈልን። ሁለተኛውን ችግር ግን እኔ በሕልሜም አላስበውም። ፓይ 4 የራሷ የሰዓት ባትሪ የላትም። ስትነሳ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ነው የምትጠይቀው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኢንተርኔቱ አብሮ ካልመጣ ሰዓቷን ስታ ትነሳለች፣ ያኔ ቀጠሮ የተያዘለት ድራማ በሌላ ሰዓት ይቀዳል፣ ወይ ጭራሹን አይቀዳም፣ እማዬም እኛን ነው የምትቆጣው። ልጁ ይሄን ማንም ሳይጠይቀው ነው ያነሳው። ክብ ባትሪ ያላት ትንሽዬ የሰዓት ዕቃ ገጠመላት። መብራት ቢጠፋም ኢንተርኔት ባይኖርም ሰዓቷን አትስትም። አዲስ የምትገዙ ካላችሁ፣ ፓይ 5 ላይ ሰዓቱ ተካቷል፣ ባትሪው ግን ለብቻ ነው የሚገዛው።

መብራትን ካነሳሁ አይቀር። ድንገት ሲሄድ የሚጎዳው የፓይዋ ሜሞሪ ካርድ ነው፣ እየጻፈ እያለ ከተቋረጠ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ኤስኤስዲ ወደሚባል ትንሽ ዲስክ አዛወረው፤ ፓይዋን፣ ዲስኩንና ራውተሩን ደግሞ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በባትሪ የሚይዝ አነስተኛ ዩፒኤስ ላይ አደረጋቸው። ቲቪው እዛ ላይ የለም፣ አይችለውም። ጥቅሙ ፊልም ለመጨረስ አይደለም። ኮዲ የደረሳችሁበትን ቦታ የሚመዘግበው ፊልሙን ስታቆሙት ነው፤ በድንገት ከጠፋ ሳይመዘግብ ይቀራል። በዩፒኤሱ ምክንያት ግን ፓይዋ አትጠፋም። መብራቱ ቶሎ ከተመለሰ ፊልሙን ወደኋላ መልሳችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ካልተመለሰም ልጁ በስልኬ ላይ በጫነልኝ የኮዲ ሪሞት አቁሜ በሥርዓት እዘጋታለሁ።

የሰርጉ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። የኔ ሰርግ በዲቪዲ ነው፣ ፋይሉ በ1 ጊጋባይት እየተቆራረጠ ስለተቀመጠ ልክ ሙሽሪት ስትወጣ ይቆረጥ ነበር። ቁርጥራጮቹን ጥራታቸውን ሳይነካ አንድ አደረጋቸው። እስክስታው ጋ ሲደርስ ደግሞ የሁሉም ሰው ትከሻ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቅ ነበር። የድሮ ቪዲዮ አንዱን ምስል በሁለት ከፍሎ ስለሚያስቀምጥ ነው አለን፤ ኮዲ ውስጥ የሚያስተካክለው ምርጫ አለ፣ አበራው። የእማዬና የአባዬ የቪኤችኤስ ካሴት ግን ነበር። «እሱን እኔ አልችልም፣ ማጫወቻው የለኝም» አለና ወደሚሠራ ሰው ላከን። የማይችለውን አልችልም የሚል ባለሙያ ብርቅ ነው። ተገልብጦ ሲመጣ ተመልሶ መጥቶ ከሌሎቹ ጋር አስገባው፣ ለዚህ ተጨማሪ አልተቀበለም።

የማይመቸኝን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል። ልጁ ሰዓት አያከብርም። ጠዋት እመጣለሁ ካለ ከሰዓት ጠብቁት። ሲሠራም አይቸኩልም፣ አንድ ገመድ ሦስቴ ይነቅላል ይሰካል። ዝናብ ካለ ጣሪያ ላይ አይወጣም፣ ይሄ እንኳ ትክክል ነው። የሠራው ነገርም ወሰን አለው። ቱነሯ አንድ ስለሆነች፣ አንዱ ቻናል እየተቀዳ ሌላ ማየት የሚቻለው ሁለቱ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ካሉ ብቻ ነው። ዜናና ድራማ ሲጋጩ እኛ ቤት አሁንም ትንሽ ጭቅጭቅ አለ። ሁለተኛ ቱነር ጨምር ብዬው «መጀመሪያ በዚች ወር ሁለት ወር ኑሩ፣ ካልበቃችሁ ያኔ» አለኝ። ሌላ ቢሆን ያኔውኑ ይሸጥልኝ ነበር። ቅጂው ዲስክም ይበላል፣ እንደ ቻናሉ ጥራት አንድ ሰዓት ከ1 እስከ 4 ጊጋባይት ግድም ነው። ስለዚህ ዜናው ከሳምንት በኋላ ራሱ እንዲጠፋ አድርጎታል፣ ድራማው ግን እማዬ ካላለች አይነካም።

ዋጋውን አልጽፍም፣ እንደየቤቱ ይለያያልና። የዕቃውንና የእጁን ለየብቻ ጽፎ፣ ከነደረሰኙ ነው ያስረከበን። የይለፍ ቃሎቹንም ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠን፣ ነገ እኔ ባልኖር ሌላ ሰው ይሥራላችሁ ብሎ።

ይሄን ሁሉ የሠራህልን ልጅ፣ ይሄን ካየኸው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬ ቡና ሳይጠጣ ሄደ ብላ አሁንም ቅር እንዳላት ነው፣ አንድ ቀን ጎራ በል።

ልትደውሉለት ያሰባችሁ፣ ከቲቪያችሁ ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥርና የተሰኩትን ገመዶች ፎቶ አንስታችሁ አስቀድማችሁ ላኩለት። ፓይ ባይኖራችሁም ችግር የለም፤ ቤት የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ አይቶ ይበቃል ወይ አይበቃም ይላችኋል። ሰንበትና በዓል አይሠራም። ቀጠሮም ሲሰጥ ቶሎ አይሰጥም፣ ከአሁኑ ያዙ።